እንግዳ ሳይለካ አባዬ አይለካም

ስለ ልብ ሊጻፍ ነው ሲባል አንባቢ ወንበሩን አስተካክሎ ፍቅር ይጠብቃል። እንዳትቀየሙኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይሄኛው ልብ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የአባቴ ነው፣ ደግሞም ፓምፕ ነው። ፓምፕ ማለቴ ንቄው አይደለም። የተማርኩት የውሃ ምሕንድስና ስለሆነ ከዓለም ዕቃ ሁሉ አብልጬ የማከብረው ፓምፕን ነው። የሚያስፈራኝ ሰው ነው። ሰው ፊት ልናገር ስል ድምፄ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና የረሳው ነገር ያለ ይመስል ተመልሶ ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ፈታኙ መምህር «ትንሽ ድምፅ ጨምሪ» ያለኝ ስድስት ጊዜ ነው። በሰባተኛው ተስፋ ቆርጦ ወንበሩን ተሸክሞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

አባዬን ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ «የጋሽ አልታዬ ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ያልጠየቀም ይደርሳል። በወጣትነቱ ከካምባ ወርዶ በአባያ ሐይቅ በኩል ሙዝ ተከለ፤ እኛንም በሙዝ አሳደገን። እዚያ ያሉት ባለ ሙዞች በሙሉ ውሃ የሚያገኙት ከአንድ ቦይ ነው፤ የውሃው ተራ አስከባሪ ደግሞ አባዬ ነው። ዛሬ የላይኛው ማሳ ይጠጣል፣ ነገ የታችኛው፤ ተራ ያልደረሰው ሰው የቦዩን በር ከነካ ከአባዬ ጋር ነው ጉዳዩ። በእሱ ዘመን በዚያ ቦይ ላይ በአካፋ የተመታ ሰው የለም ይባላል። በሌላ መሣሪያ ስለተመታ መረጃ የለኝም።

አባዬ ስኳር አለበት። ግፊትም አለበት። ስኳሩ ቀድሞ መጣ፣ ግፊቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከተለ። አባዬ ግን ሁለቱን የሚያያቸው አንዱ በፊት በር ሌላው በጓሮ በር እንደሚገቡ፣ እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ተከራዮች ነበር። ለስኳሩ ብሎ ሻዩን መራራ ይጠጣል። ለግፊቱ ነጭ ሽንኩርት ይውጣል። ለሁለቱም ሽፈራው ይበላል። እማዬ ከበቆሎ ዱቄት እየተድቦለቦለ የሚቀቀለውን ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል አረንጓዴ አድርጋ ስታቀርብለት ደስ ይለዋል፤ ችግሩ ከላይ ዳጣ ያፈስበታል፤ የአባዬ ዳጣ ደግሞ ቃሪያ ጣል ጣል የተደረገበት ጨው ነው። «አባዬ፣ ጨው እኮ ነው» ስለው «ሽፈራው ያጣፋዋል» ይላል። አባዬ ዘንድ ሽፈራው የማያጣፋው ኃጢአት የለም።

ነገር እንዳለ የገባኝ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ፣ ስንወጣ ነው። ለቅሶ ልንደርስ ነበር። ባጃጅ እንያዝ ስለው «ባጃጅ ለታመመ ሰው ነው» አለና ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ ቆመና አንዲት ሴትዮ ሰላም አለ። መልካም፤ ያውቃታል። ትንሽ ወጣ ብሎ ደግሞ አንድ ጫማ ጠጋኝ ሰላም አለ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ አማቱ ጠየቀው። ሰውዬው ግራ እየገባው መለሰ። ቀጥሎ በሩ የተቆለፈ ቤት ፊት ቆሞ «ቤቶች! ደህና ናችሁ?» አለ። አራተኛው ላይ ግን አጥር ሥር ለታሰረች ፍየል ኮፍያውን ሲያነሳ ዘወር ብዬ ፊቱን አየሁት። ከንፈሩ ነጥቷል፣ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ሰላምታው ሁሉ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነበር ለካ። እኔ የጨዋነቱን ብዛት እያደነቅኩ ነበር የተከተልኩት።

ቤት ስንመለስ ለእማዬ ነገርኳት። «እኔም ልነግርሽ ነበር» አለችኝ፤ «ጫማው አልገባ አለው። በዚህ ዕድሜው እግሩ ማደግ ጀመረ ልበል? ደግሞ ሲተኛ ሦስት ትራስ ይደረብልኝ ይላል። ጋደም ሲል ያፍነዋል።»

በነጋታው ወደሚከታተልበት ሆስፒታል ወሰድኩት። ዶክተሯ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ደረቱን አዳመጠች፣ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። «ስኳርና ግፊት አንድ ላይ ሲሆኑ ልብ ላይ ይበረታሉ፤ አንዱ ብቻውን ከሚጎዳው በላይ ነው የሚጎዱት» አለችኝ። «የልብ አልትራሳውንድ እናነሳለን። እስከዚያ አንድ ሳምንት ግፊቱን ጠዋትና ማታ፣ ስኳሩን ጠዋት በባዶ ሆድ ለክተሽ ጻፊልኝ። መድኃኒቱን የምወስነው ደብተሩን አይቼ ስለሆነ በጥንቃቄ ያዥው።»

ጥንቃቄ ካላችሁማ ሰውየዋ እኔ ነኝ። የግፊት መለኪያውንም የስኳር መለኪያውንም ገዛሁ። አዲስ ደብተር በማስመሪያ አሰመርኩ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ግፊት፣ ስኳር። ሽፋኑ ላይ የአባዬን ሙሉ ስም ጻፍኩ። የማሽኑን መመሪያ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ማንበብ የነበረብኝ የአባቴን ጠባይ ነበር፤ እሱ ግን መመሪያ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አባዬ ከኔ ቀድሞ ተነሥቶ ወደ ቦዩ ወርዶ ነበር። ከሰዓት፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። ክንዱን ዘረጋ። ጨርቁን ልጠመጥምለት ስል በሩ ተንኳኳና ሐጂ ሙዘይን ገቡ። ሐጂ ገበያው በር ላይ ስኳርና ጨው በጅምላ የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ የአባዬን ሁለት ጠላቶች በኩንታል የሚያቀርቡ ወዳጁ ማለት ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው ጋሽ አልታዬ?»

«የግፊት ማሽን ነው፤ ልጄ አምጥታልኝ» አለ አባዬ ክንዱን እየሰበሰበ። «ና ቁጭ በል፤ መጀመሪያ አንተ።»

«እኔማ ምን ሆኜ! ግፊት የለብኝም።»

«የለብህም እንበል። እንግዳ ሳይለካ እኔ ልለካ? ሰው ምን ይለኛል?»

ይህ ቀልድ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ውሃ እንኳ ሲቀዳ እንግዳ ሳይቀምስ አባዬ ጠብታ አይነካም። ሰው ሲበላ ቆይቶ ከድስቱ የተረፈውን እየጠራረገ «ለኔ የሚጥመኝ ይሄ ነው» የሚል ሰው ነው። አሁን ማሽኑ ራሱ ከመስተንግዶ ተቆጠረ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ምግብ አይደለም» ልል ፈልጌ ነበር። ድምፄ ጉሮሮዬ ድረስ መጣና ሐጂን አይቶ ተመለሰ።

ሐጂን ለካሁ። ቁጥሩን ሳየው ማሽኑን ጠረጠርኩ፤ በጣም ከፍ ብሏል። «ደረጃ ወጥተው ነው የመጡት?» አልኳቸው። «ኧረ የምን ደረጃ! ከጎረቤት ነው የመጣሁት። ጻፊው እንጂ! ያልተጻፈ እንዳልተለካ ነው። ስሜን ግን አትጻፊ፤ ነገ ገበያው ሁሉ ያነበዋል።» አባዬም «ጻፊላቸው» አለ። የሰው ፊት አልችልምና ጻፍኩ። ከቁጥሩ አጠገብ እኔ ብቻ የማውቀው ትንሽ ከረጢት ሣልኩ።

ሐጂን ሸኝቶ አባዬ እንደተቀመጠ ቲቸር መጡ። ቲቸር በላይነሽ ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ ጡረተኛ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ተማሪያቸው ስለነበረ ዛሬም ሲያልፉ ቁጭ ያለ ሰው ብድግ ይላል። «መጀመሪያ እርስዎ ቲቸር!» ተባለ። ለካሁ፤ መነጽር ሣልኩ። እሳቸው ሳይወጡ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣች የምትሸጠው ጎረቤታችን አስቴር ሳፋዋን እንደተሸከመች ገባች። ሳፋውን አስቀምጣ ተለካች፤ ዓሣ ሣልኩ። የሰፈሩ ድመቶችም ተከትለዋት መጡ፤ እነሱን አልለካሁም እንጂ አባዬ ቢጠየቅ እምቢ የሚል አይመስለኝም ነበር።

በመጨረሻ የአባዬ ተራ ሲደርስ ባትሪው ሞተ።

በሁለተኛው ቀን ዐሥራ አንድ ሰው መጣ። በሦስተኛው ቀን አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት ተዋስን። ቲቸር ሥርዓት የሌለበት ቦታ መቀመጥ ስለማይችሉ ሰልፉን ተረከቡ። «እጅጌ ሰብሰብ! የተለካ ወደ ግራ፣ ያልተለካ ወደ ቀኝ! አስቴር፣ ዓሣሽን ከመንገድ አንሺ!» አባዬ ደግሞ ያስተናግዳል። ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። ስኳር ለመለካት ለሚጠብቀው ሕዝብ የማሳውን ሙዝ፣ ያውም በደንብ የበሰለውን፣ በትሪ እያዞረ አበላ። «ብሉ እንጂ! ጾም አዳሪ መሰላችሁ እኮ!» እኔ ከጓሮ ባትሪ ቀይሬ ስመለስ ሦስት ሦስት ልጣጭ በየሰው እግር ሥር ተከምሯል። ያን ቀን ሰፈራችን በሙሉ ስኳር ያዘው። ጣቱ የተበሳ ሁሉ ቁጥሩን እያየ ደነገጠ። አስቴር «ልጆቼን አደራ» አለች። ቲቸር ቤታቸው ሄደው የስኳር ጣሳቸውን ለጎረቤት ሰጡ፤ ይህንን የሰሙት ሐጂ «ሰፈሩን ምን ነካው? ከሰዓት ወዲህ ስኳር የጠየቀኝ የለም» ብለው ሊያጣሩ መጡ፤ መጥተውም ተለኩ። «ሙዙ ነው፤ በባዶ ሆድ ነው የሚለካው» ብዬ ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ለማስታወስ ያህል፣ የኔን ድምፅ የሰማ ሰው ወንበር ተሸክሞ የመጣው መምህር ብቻ ነው።

ደብተሩ ሞላ። ከረጢት፣ መነጽር፣ ዓሣ፣ ዣንጥላ፣ መዶሻ፣ አንድ ጢም ያለው ፊት። ምንም ምልክት የሌለው የአባዬ ነው፤ የደብተሩ ባለቤት ስለሆነ ምልክት አላስፈለገውም። ከሳምንቱ ውስጥ ምልክት የሌላቸው ረድፎች ስንት ይመስሏችኋል? ሁለት። ሁለት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስለዘነበ ቦይም የሚወረድ እንግዳም የሚመጣ አልነበረም፤ አባዬም የሚያስቀድመው ሰው አጥቶ ተለካ። በአንደኛው የዝናብ ቀን ስኳሩ ደህና፣ ግፊቱ የሚያስደነግጥ። በማግስቱ ግፊቱ ረገብ ያለ፣ ስኳሩ ሰማይ የነካ። የተምታታው ማሽኑ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምሕንድስና የተማረ ሰው ሁልጊዜ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው።

ቀጠሮው ደረሰ። ዶክተሯ ደብተሩን ገልጣ ስታነብ ቆየች። አንዴ ወደ አባዬ አየች፣ አንዴ ወደ ደብተሩ።

«ጋሽ አልታዬ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ዶክተር።»

«ብቻዎን?»

አባዬ ግራና ቀኙን አየ። «ከልጄ ጋር ነኝ።»

«ማክሰኞ ከሰዓት ከዐሥር እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ግፊትዎ ስምንት ጊዜ ወጥቶ ስምንት ጊዜ ወርዷል። ምን እያደረጉ ነበር?»

«እንግዳ እያስተናገድኩ።»

ገጹን ገለጠች። «መነጽር በተሣለበት ሁሉ ደህና ነው። መነጽር ሲያደርጉ ይሻልዎታል?»

«መነጽር የለኝም።»

«ይሄ ዓሣስ? ዓሣ ሲበሉ ነው?»

«ዓሣ እወዳለሁ» አለ አባዬ፣ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ባይገባውም ሊተባበር እየፈለገ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሣች። «ለማንኛውም ይህን ያህል የሚዋዥቅ ከሆነ የግፊቱን መድኃኒት እጥፍ ማድረግ ይኖርብኛል።»

እጥፍ! የአስቴር ድንጋጤ፣ የሐጂ ግፊት፣ የሰፈሩ ሙዝ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ኪኒን ሆኖ አባዬ ሆድ ሊገባ ነው።

«እሱ አይደለም» አልኩ።

«አልሰማሁሽም።»

«እሱ አይደለም፤ ሰፈሩ ነው» አልኩ፤ በዚህኛው ጊዜ እኔም ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማንጎውን፣ ሰልፉን፣ ትሪውን። አልሳቀችም። ጣቷን አንድ ረድፍ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ከረጢት ማነው? በተለካ ቁጥር ይህን ያህል ከፍ ያለ ሰው ዛሬውኑ መታየት አለበት።»

የመለስኩላት እኔ፣ የተነሣው አባዬ ነው። ስልኩን አውጥቶ እዚያው ክፍል ውስጥ ደወለ። «ሐጂ! ሱቁን ዝጋ! … አሁኑኑ! … የምን ደንበኛ? ደንበኛ ቀብርህ ላይ ነው የሚመጣው፣ ዝጋ አልኩህ! ባጃጅ ያዝ! በእግርህ እንዳትመጣ!» ስልኩን ዘግቶ በእርካታ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

ዶክተሯ ምልክት የሌላቸውን ሁለት ረድፎች እያስተያየች ነበር። «እነዚህ ብቻ ናቸው የእርስዎ? አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

አባዬ ደረቱን ነፋ። ሲጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። «እኔ ሥርዓት ያለኝ ሰው ነኝ ዶክተር። ሰኞ የስኳሩን እውጣለሁ። ማክሰኞ የግፊቱን። ረቡዕ የስኳሩን። ሁለቱን በአንድ ቀን ብለቃቸው ሆድ ውስጥ ይጣላሉ። አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። እሁድ ብቻ ሁለቱም ያርፋሉ፤ እሁድማ ቦዩም ያርፋል።»

ተራ! አባቴ መድኃኒቱን የሚውጠው በውሃ ተራ ነው! ዶክተሯ ወደኔ ዞረች።  እዚያው ቤት ነው የምኖረው። በየማለዳው አንድ ነገር በውሃ ሲውጥ አያለሁ፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ጠንቃቃዋ እኔ ነኝ።

ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል ወሰደችን። አባዬ ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ተጋደመ፤ ቀዝቃዛውን ቅባት ደረቱ ላይ ስታደርግ «እሰይ» አለ፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት ነው። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ነገር መወራጨት ጀመረ።

«ይሄ ነው?» አለ አባዬ ቀስ ብሎ።

«ይሄ ነው።»

«በር አለው።»

«አዎ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል።»

«ማነው የሚከፍተው?»

«ራሱ ነው።»

ሌላ ሰው ልቡን ሲያይ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። አባዬ በሮቹን ትክ ብሎ አየ፣ አንዱ ሲዘጋ አንዱ ሲከፈት፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳቱ። ዶክተሯ እየለካች አስረዳችው፤ በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ወፍሯል፣ ሲጨመቅ ጉልበት አለው፣ ሲላላ ግን በደንብ አይላላም፣ ስለዚህ ሲሞላ ይዘገያል። አባዬ «እሺ» አለ፤ «እሺ፣ ልክ ነው።» ያንን «እሺ» አውቀዋለሁ። የስብሰባ «እሺ» ነው፤ ከአዳራሹ ሲወጣ እዚያው ወንበሩ ላይ ጥሎት የሚወጣው።

እኔም የዚያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«አባዬ፣ ስማኝ» አልኩ። «ለሐጂ በአንድ ደቂቃ ደወልክ። ለራስህ ስንት ዓመት ፈጀብህ?»

ቀና አለ። ደግነቱ በጎኑ ተኝቶ፣ ግማሽ ደረቱ ቅባት ሆኖ ሰው ሊቆጣ አይችልም።

«ያንተ ቦይ ላይ ፓምፕ አለ እንበል» አልኩት። «ከፊቱ ያለውን በር ግማሽ ዝጋው። እሱ ግፊት ነው። ፓምፑ አይቆምም፣ የተዘጋውን እየገፋ ጡንቻ ያወጣል፤ ያ ጡንቻ ነው አሁን ወፈረ የተባለው። ጉልበት መስሎህ ደስ እንዳይልህ፤ የወፈረ ነገር አይላላም፣ ካልላላ አይሞላም፣ ያልሞላ ፓምፕ ምን ይገፋል? አሁን ደግሞ ፓምፑን ራሱን የሚያጠጡትን ቀጫጭን ቱቦዎች አሻክራቸው፣ አጥብባቸው። እሱ ስኳር ነው። ሰኞ ቱቦውን ስትጠርግ በሩ እንደተዘጋ ነው። ማክሰኞ በሩን ስትከፍት ቱቦው ይጠባል። እሁድ ሁለቱንም ትተህ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ። ፓምፑ ግን እሁድም እየሠራ ነው! ማሳ ተራ ይጠብቃል፣ ልብ ተራ የለውም። የማይገፋው ውሃ ወደ ኋላ ይተኛል፤ እግርህ ላይ ተኝቷል፣ ሳንባህ ላይ ተኝቷል፣ ዳገት ላይ ፍየል ሰላም የሚያስብልህ እሱ ነው!»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ጆሮውን ወደ በሩ አስጠግቷል። ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ «ልጅቷ ልክ ናት፤ እኔም እንደዚሁ ነው የምውጠው» አለ። ሌላ ድምፅ «ዝም በል፣ ፍየሏን ልስማበት» አለው።

 አባዬ አልተቆጣም። ስክሪኑን ረዘም ላለ ጊዜ አየና ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

«ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም» አለች ዶክተሯ። «ደክሟል፣ ደንደን ብሏል። ሁለቱንም መድኃኒት በየቀኑ ከወሰዱ፣ ጨው ከቀነሱ፣ ክትትል ካላቋረጡ፣ ገና ብዙ ያገለግላል። እንደ እስካሁኑ ከቀጠሉ ግን የሚሞላው ውሃ አንድ ቀን አስተኝቶ አያስነሣዎትም። ውሃውን በሽንት የሚያወጣ ኪኒን እጨምርልዎታለሁ።»

«ውሃ የሚያወጣ ኪኒን አለ?» አባዬ ሙያው ተነካ። «እሱስ ተራ…»

«የለውም» አልን ሁለታችንም።

ስንወጣ ሐጂ የሱቃቸውን ቁልፍ እንደጨበጡ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እሳቸውም መድኃኒት ተጻፈላቸው። «እኔ ግፊት የለብኝም ብዬህ ነበር» አሉት አባዬን፤ «አንተ ነህ ያመጣህብኝ።» እማዬ ደግሞ ማታ ውጤቱን ስትጠይቀኝ በጥንቃቄ «ልቡ ደንደን ብሏል አለች» ብዬ ነገርኳት። «ይህን ለማወቅ ማሽን አስፈለጋችሁ?» አለችኝ፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ የዳጣውን ብልቃጥ አንሥታ ለአስቴር ልትሰጥ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ቀጣዩ ሳምንት ቀላል አልነበረም። አባዬ ሁለቱን ኪኒን በአንድ ቀን ሲውጥ እስኪጣሉ ድረስ ሆዱን ይዞ ያዳምጥ ነበር። ዳጣ የሌለው ኩርኩፋ ሲቀርብለት የሚያየው ጠላት እንዳየ ሰው ነው። ውሃ የሚያወጣው ኪኒን ከቤት ወደ ሽንት ቤት ሲያመላልሰው ደግሞ «ይሄስ ቦዩን ያስንቃል» አለ። እኔም አዲስ ደብተር አሰመርኩ። ዶክተሯ ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ሁለት ጊዜም ይለካ ብላኝ ስለነበር ይህንን ሽፋኑ ላይ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ እንግዶቹ መጡ። ሰው ነው፤ መምጣቱን አያቆምም። ቲቸር፣ አስቴር ከነሳፋዋ፣ ሌሎች አራት። ሐጂ እጅጌያቸውን ከበር ጀምረው እየሰበሰቡ በቀጥታ ወደ ማሽኑ መጡ።

አባዬ ወንበሩ ላይ ነበር። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና «ሐጂ፣ ቁጭ በል» አለ።  ቀጣዩን ሲናገር ከእንግዳ ቀድሞ ምሳ የበላ ሰው ያህል አፍሮ ነበር። «ዛሬ መጀመሪያ እኔ ነኝ።»

 አስቴር ሳፋዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሐጂ እጅጌያቸውን አወረዱና ተቀመጡ።

«አምስት ደቂቃ ዝምታ ያስፈልገዋል» አልኩ። ማንም «አልሰማንም» አላለኝም። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰባት እንግዳ፣ ሐጂ ጭምር፣ ቲቸር ጭምር፣ ማንጎ ሥር ዝም አለ። ድመቶቹ እንኳ ዓሣውን እያዩ ዝም አሉ። ስለ አባቴ ልብ ሰባት ሰው ዝም ሲል ሳይ የተሰመረውን ደብተር እንደገና አሰመርኩ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ጨርቁ ተነፋ፣ ረገበ። ሁለተኛ ጊዜ ደገምኩት። ቁጥሩ ሲወጣ ሰባት አንገት ወደ ፊት ተዘረጋ። ማሽኑን ወደ ራሴ አዞርኩት።

«ስንት ሆነ?» አሉ ሐጂ።

«የአባዬ ነው» አልኩ።

«እሱማ የሱ ነው፤ ስንት?»

«የአባዬ ነው» አልኩ እንደገና፣ ጻፍኩትና ደብተሩን ዘጋሁት። ለእናንተም አልነግራችሁም።

አባዬ ማሽኑን አላየም፤ የኔን ፊት ነው ያየው። ሳድግ መዋሸት አላስተማረኝም፣ ስለዚህ ቁጥሩን እዚያ ሳያነበው አልቀረም። እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ፣ ቁልፉን ቆለፈ፣ ወንበሩን ለቀቀ።

«ና እንግዲህ ሐጂ» አለ፤ «ክንድህን አምጣ። መጀመሪያ ግን አምስት ደቂቃ አፍህን ዝጋ።»